ሙሽራው ሞቷል ወይስ አልሞተም

በዚያ ዘመን ፒያሳ ላይ ስለ ሞተ ሰው ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ሟቹ የሞተበት ምክንያት ወደ ተናጋሪው እንዳይጋባ ይፈራል። እኛ አራታችን ግን በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ ስለ አንድ ሰው መሞትና አለመሞት ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንከራከር ነበር። ሰውየው በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም፤ የመጽሐፍ ሰው ነው። ፀሐይዋ ልትጠፋ ከደረሰች ዓለም ሕዝብ ጭና፣ በከዋክብት መካከል አዲስ አገር ፍለጋ የወጣች መርከብ አዛዥ ነው። ዛሬ ሳስበው እኔንም ያስቀኛል። ያኔ ግን በዚህ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር በሌላም ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ ግልፍተኛ ነኝ፣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቅልኛል።

የምንሰበሰበው ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ጓደኛዬ ሬዲዮ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነበር። ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች ግድግዳውን ሞልተውታል። ጓደኛዬ አንዱን ከፍ አድርጎ ይከፍተዋል፤ ሬዲዮው ማርሽና መፈክር ያንባርቃል፤ እኛ ከድምፁ ሥር ተሸሽገን እንከራከራለን። እሱ የእሪ በከንቱ ልጅ ነው፤ አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት እናቱ ብቻቸውን ያሳደጉት። ሦስተኛችን ከጎኑ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ባለሱቅ ነበር፤ ከጉራጌ አገር በሕፃንነቱ መጥቶ አራዳ ያሳደገው፣ ምላሱ ከምላጭ የሚሰላ። አራተኛዋ ስድስት ኪሎ የምትማር፣ ትምህርቱ በተቋረጠ ቁጥር ወደ እኛ የምትወርድ ልጅ ናት። እኔ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር።

መጻሕፍቱን ያገኘናቸው ከመንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው። አገሩን በጥድፊያ ለቆ የሄደ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ጥሏቸው የሄደ ይመስለኛል። አራት ክፍል ናቸው፤ በእንግሊዝኛ የተጻፉ። ለአራታችን አንድ ቅጂ ብቻ ስለነበረ፣ ደግሞም በዚያ ጊዜ ድፍን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ታቅፎ መሄድ ጥያቄ ስለሚያስነሳ፣ ባለሱቁ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከጀርባው በቢላዋ ሰንጥቆ በየጥራዙ ከፋፈለው። እያንዳንዳችን አንዳንድ ጥራዝ በኮት ኪሳችን ይዘን እንሄዳለን፤ ቅዳሜ የደረሰንን እንተርካለን፤ ከዚያ እንለዋወጣለን። ባለሱቁ እንግሊዝኛ አያነብም፤ ግን ድርሻውን ሳይወስድ አይሄድም። «አክሲዮኔ ነው» ይላል። የእሱን ድርሻ ተማሪዋ በሳምንቱ አንብባ ትነግረው ነበር።

በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አዛዡ የተበላሸ ነገር ሊጠግን ብቻውን ከመርከቧ ውጭ ይወጣል። በሩ ይዘጋበታል። መርከቧ ቆማ ልትጠብቀው አትችልም፤ ትሄዳለች። በመርከቧ ደንብ መሠረት የእያንዳንዱ ሰው ስም በየማለዳው በሬዲዮ ይጠራል፤ የተጠራውም ይመልሳል። የእሱንም ስም መጥራት አይተዉም። በአራተኛው መጽሐፍ አንድ ማለዳ ስሙ ሲጠራ፣ ከጨለማው ውስጥ «አለሁ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ከዚያም በየማለዳው ይመልሳል። አራተኛው መጽሐፍ በዚሁ ያልቃል። አምስተኛውን ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ፈልገን አጣነው። እንግዲህ የመለሰው ማን ነው?

ተማሪዋ ራሱ አዛዡ ነው ትላለች። ባለሱቁ ማንም የለም፣ የገደል ማሚቶ ነው ይላል፤ ጠፈር ላይ ገደል የለም ብንለው «አንተ ሄደህ አይተሃል?» ይላል። የእኔ ነገር ከሁሉም የተለየ ነበር። የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው እላለሁ። አዛዡ ሞቷል፤ በኋላ እሱ ዘንድ የደረሰ አንድ ያልታወቀ ሰው፣ በመርከቧ ያሉት ተስፋ እንዳይቆርጡ በእሱ ስም ይመልስላቸዋል። ማስረጃ ነበረኝ። በፊተኞቹ መጻሕፍት አዛዡ ሲጠራ «ማን ነው የፈለገኝ?» ብሎ ነው የሚመልሰው፤ የሰውየው ጠባይ ነው፣ ጥያቄን በጥያቄ ይመልሳል። ይኼኛው ግን «አለሁ» ብቻ ነው የሚለው። ይህን ስናገር ጠረጴዛ እመታለሁ፤ ጓደኛዬም የሬዲዮውን ብሎኖች በእጁ ይከልላል።

ጓደኛዬ ከማናችንም ጋር አልነበረም። ልጅ ሳለ እናቱ ለየኔታ ሰጥተውት ዳዊት ደግሟል፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚማሩት ደቀ መዛሙርት ዘንድ እየተቀመጠም ጆሮውን ይጥል ነበር። መምህሩ መጀመሪያ የመጽሐፉን ቃል ያሰማል፤ ያ ንባብ ነው። ቀጥሎ «አንድም» ብሎ አንድ ፍቺ ይሰጣል፤ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምራል። አንድሙ ቢበዛ ንባቡን አይሽረውም፤ አንዱ አንድም ሌላውን አያባርረውም። ይህን ሥርዓት አምጥቶ በእኛ ላይ ጫነብን። የተጻፈው፣ በሩ መዘጋቱና ድምፅ መሰማቱ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ አንድም ነው። አንድሙን እንደ ንባብ አድርጎ የተናገረ ሰው ለሁላችን ሻይ ያዛል። ብዙውን ጊዜ የማዘው እኔ ነበርኩ።

«ሞቷል አትበል» ይለኛል ሽቦ የሚበይድበትን ካውያ እያጋለ። «የት ተጽፏል?»

«በሩ ተዘግቶበታል እኮ! ውጭው ብርድ ነው፣ አየር የለም!»

«በሩ መዘጋቱ ተጽፏል። መሞቱ አልተጻፈም።»

«ታዲያ ለምን እንደ ድሮው አይመልስም? ማን ነው የፈለገኝ ለምን አይልም?»

«ብርድ ሰውን ያሳጥረዋል። ቃል መቆጠቡ ይሆናል። ያንተም አንድም ነው፣ የእኔም አንድም ነው።»

«ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ያንተ ትርጓሜ ግን ሰውየውን ገደለው እንጂ አላዳነውም።»

ባለሱቁ ከሣጥን ላይ ሊወድቅ እስኪደርስ ይስቃል። እኔ ተናድጄ እወጣለሁ፤ ተመልሼም እገባለሁ።

አንድ ጊዜ ተማሪዋ ከአራተኛው መጽሐፍ የጀርባ ሽፋን ላይ አንድ ነገር አገኘች። «የአዛዡ ድምፅ ከጨለማው ይመልሳል» ይላል። ይኸው ተጻፈ ብላ ልትፈነጥዝ ስትል ጓደኛዬ አስቆማት። ሽፋኑን የጻፈው ደራሲው ሳይሆን ሊሸጠው የፈለገው ነው፤ ሽፋን ንባብ አይደለም አለ። «ነጋዴ የጻፈው ሁሉ ውሸት ነው ማለት ነው?» ብሎ ባለሱቁ ተቆጣ፤ የዚያን ቅዳሜ ክርክር በሽፋን ላይ አለቀ። ጓደኛዬ በመጨረሻ ሬዲዮውን በአገጩ አመለከተ፤ ሬዲዮው ስለ ድል ይናገር ነበር። «ሽፋን ሁሌም ይጮኻል» አለ። ይህን ሲል ሁላችንም ወደ በሩ አየን።

የፈራነው አልቀረም፤ አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ዘው አለ። እኔ እንደ ልማዴ እየጮህኩ ነበር።

«አዛዡ ሞቷል ያለው ማን ነው?» አለ።

 በዚያ ጊዜ ስንት አዛዥ እንደነበረ ያየ ያውቀዋል። ከሁላችንም ቀድሞ አፉን የከፈተው ባለሱቁ ነው።

«ሙሽራው ነው ያልነው ጓድ! የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽራው አረቄ ጠጥቶ ከዳሱ ሥር ተዘረረ። እኔ ተኝቷል እላለሁ፣ ይኼ ጯሂ ሞቷል ይላል።»

«ታዲያ ሞቷል?»

«እሱን ነው የምንከራከረው ጓድ።»

ሰውየው ፊቱ ሊፈታ ሲል መልሶ ቋጠረው። «በዚህ ጊዜ ሠርግ!» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዛዡን ሙሽራው አልነው። ከእኛ ከአራታችን በቀር ሙሽራው ማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ጓደኛዬን የወሰዱት በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ሱቁን እንደከፈተ ነው። ከነሚጠግነው ሬዲዮ ወሰዱት። በሬዲዮው ይሁን፣ በክርክራችን ይሁን፣ በማን ጥቆማ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የነገረንም የለም። ባለሱቁ በዚያኑ ቀን ጥራዞቹን ከሦስታችንም ሰበሰበና ስኳር ጠቀለለባቸው። አራቱም መጻሕፍት ግማሽ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ እየሆኑ በየሰው ቤት ገቡ። አልተቆጣሁትም። ንባቡ ግን በዚያው ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያች መርከብ የቀረን በየጭንቅላታችን ያለው ብቻ ነው።

እናቱ ስንቅ ማመላለስ ጀመሩ። ያን ዘመን ያላየ ሰው ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነበር። የታሰረ ሰው የሚበላው ቤተሰቡ ያመጣለትን ነው። በእስር ቤቱ በር ላይ እናቶች ምሳ ዕቃ በጨርቅ ቋጥረው ይሰለፋሉ። ዘበኛው ስም ይጠራል፤ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ «አቤት» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ቋጠሮው በሽንቁሩ ይገባል፤ የትናንቱ ባዶ ይወጣል። ፊት ለፊት መተያየት የለም። አንድ ቀን ዘበኛው ቋጠሮውን ሳይቀበል «ከእንግዲህ አታምጪ» ካለ፣ ነገሩ አልቋል። ሌላ ቃል የለውም። ተከትሎም ማልቀስ አይቻልም፤ የጠላት ለቅሶ ነው ይባላል፤ ለቅሶ የደረሰም ይጠየቃል።

እናቱን እንዲህ ያላቸው ግን አልነበረም። በየቀኑ ስሙ ይጠራል፣ በየቀኑ «አቤት» ይመጣል፣ ቋጠሮው ይገባል። እኛም በዚሁ ተጽናንተን ከረምን።

ከዕለታት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ እናቱ ሦስታችንንም እሪ በከንቱ ቤታቸው አስጠሩን። አንዲት ክፍል ናት፤ በመጋረጃ ከሁለት የተከፈለች። እኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። እሳቸው ቆመው ነው የተናገሩት።

«ልጆቼ፣ ልጄ ማታ ማታ እየመጣ የእናንተን ክርክር ያጫውተኝ ነበር። ለሌለ ሰው፣ እናት ላልወለደችው፣ ሞቷል አልሞተም እያላችሁ ስንት ቅዳሜ ስትፋጩ ኖራችኋል። የእኔ ልጅ ግን የነበረ ነው። እስቲ አፈር ስሆን ለእሱም ተከራከሩለት።»

ያን ጊዜ ማናችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። እሳቸው ምሳ ዕቃውን አምጥተው መሐላችን አስቀመጡት።

ልጃቸው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የእንጀራ ጠርዝ አይበላም፤ አጥፎ ከዳር ያስቀምጠዋል። ስንቴ ገርፈውታል፣ አልተወም። ከእስር ቤትም ምሳ ዕቃው የሚመለሰው ጠርዙ በውስጡ ታጥፎ ነበር። ከሆነ ጊዜ ወዲህ ግን ተጠርጎ፣ የተላሰ መስሎ ይመጣል። ጨርቁም አለ። እሱ ሽቦ እንደሚያስር አድርጎ ሁለቴ ጠምዝዞ ነው የሚቋጥረው፤ አሁን ዝም ብሎ የተቋጠረ ነው። የሚታጠብ ልብስ መላክም አቁሟል።

«ቄሱ ፍትሐት እንዲያደርጉለት ልጠይቅ እልና እፈራለሁ» አሉ። «በሕይወት ላለ ልጅ ፍትሐት ማስደረግ ሟርት ነው። በቁሙ ተዝካሩን የሚያወጣ ሽማግሌ አለ፤ እሱ ግን በገዛ ፈቃዱ ነው። ሞቶ ከሆነ ደግሞ፣ ነፍሱን የሚያስባት ሳይኖር ይኸው ስንት ጊዜ ሆነ። የቱን ላድርግ?»

ተማሪዋ ቀድማ ተናገረች።  «እማማ፣ ረሀብ ጠርዝ ያስበላል። እዚያ ቤት ማን ጠርዝ ይመርጣል? ቋጠሮውንም ዘበኞቹ ለፍተሻ ፈትተው መልሰው ይቋጥሩታል።»

«መጀመሪያስ ረሀብ አልነበረም? መጀመሪያስ አይፈትሹም ነበር?» አሉ እሳቸው። ይህን ሳያስቡት የቀሩ አይመስልም።

 «ስሙ እየተጠራ ነው እማማ። እንደፈሩት ቢሆን ኖሮ አይጠሩትም» አለ ባለሱቁ።

«ይጠሩታል። ድምፅም ይመልሳል። አቤት ይላል። ከቆርቆሮው ወዲያ ነው፣ ከሩቅ ነው። አንዳንድ ቀን የእሱ ይመስለኛል፣ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን አይመስለኝም።»

ተማሪዋ እጄን ጨበጠችው። ሦስታችንም አንድ ነገር ነው ያሰብነው፤ ከስንት ቅዳሜ በፊት ሬዲዮው ሥር ሆነን የተፋለምንበት ነገር ቃል በቃል እፊታችን ቆሞ ነበር። እናቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሌላ ሰው ነው የሚመልሰው የምትለው አንተ ነህ አይደል? ልጄ ነግሮኛል። ጠረጴዛ የሚመታው።»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አሁንስ ምን ትላለህ?»

በውስጤ ያለው ግልጽ ነበር። ጠርዙም፣ ቋጠሮውም፣ ልብሱም አንድ ነገር ነው የሚሉት፤ ለአዛዡ ከነበረኝ ማስረጃ በእጥፍ ይበልጣል። ጠረጴዛም ባይኖር አልጋውን መትቼ ልናገረው እችል ነበር። የእኚህን ሴት ፊት እያየሁ ግን አልቻልኩም። ከአፌ የወጣው የእኔ ቃል ሳይሆን የልጃቸው ነው።

«አልተጻፈም እማማ። ያልተጻፈ ሁሉ አንድም ነው።»

 እሳቸው ጨርቁን አጥፈው ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት።

«እንግዲያስ ሁለቱም ይሁን» አሉ። «ስንቁን እወስዳለሁ። የሚበላው ልጄ ከሆነ፣ ምሳው ነው። ሌላ የእናት ልጅ ከሆነ የሚበላው፣ ተዝካሩ ነው። ተዝካር እኮ የተራበ ማብላት ነው፤ ሌላ ምን አለው? ቄሱን አልጠይቅም። እግዚአብሔር የቱ እንደሆነ ያውቀዋል፤ እሱ በየመልኩ ይቀበለው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራውን አብዝተው ይወስዱ ጀመር። ባለሱቁ ከሱቁ የሚችለውን ያመጣል፤ እኔና ተማሪዋ ቋጠሮውን እየተቀባበልን ቁልቁለቱን እንሸኛቸዋለን። በሩ ድረስ ግን አያስኬዱንም፤ ወጣት እዚያ በር ላይ መታየት የለበትም ይላሉ። ክርክር የሚባል ነገር በመሐላችን ቀረ። ቅዳሜ ሲመጣ ሦስታችን በተዘጋው ሱቅ በኩል ላለማለፍ መንገድ እንቀይር ነበር።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ከገባ በኋላ፣ እናቱ ጎረቤት ልከው አስጠሩኝ። ባለሱቁንና ተማሪዋን ይዤ ሄድኩ። በርጩማ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ከስቷል፤ ኮቱ ከሌላ ሰው ትከሻ የተወሰደ ይመስላል። ጉልበቱ ላይ ምሳ ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞታል። እናቱ አልጋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው እንደ ወትሮው ነው።

«ንገራቸው» አሉት። «ለእኔ የነገርከኝን ሁሉ።»

የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከሩቅ አገር ጭነት ይዞ መጥቶ እዚሁ አዲስ አበባ ተያዘና ጓደኛዬ ያለበት ክፍል ገባ። ለምን እንዳሰሩት አልነገሩትም፤ ለምን እንደፈቱትም አልነገሩትም። በከተማው ዘመድ ስለሌለው ስንቅ የሚያመጣለት አልነበረም፤ ከጓደኛዬ ምሳ ዕቃ ነበር የሚካፈለው።

«አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስሙን ጠሩና ዕቃህን ይዘህ ውጣ አሉት» አለ። «ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው አለ፤ ያልሄደም አለ። እሱ ግን ዕቃውን አልያዘም። ጋቢውን ለእኔ ተወልኝ። ጎንበስ ብሎ፣ ነገ ስሜ ሲጠራ አንተ አቤት በል አለኝ። ሊወስዱ የሚመጡትና በር ላይ የሚቆሙት የተለያዩ ናቸው፣ በሩ ላይ ያሉት ስሜን እንጂ መልኬን አያውቁም፣ አለኝ። እናቴ በሩ ድረስ መጥታ ቋጠሮውን እንዲመልሱባት አልፈልግም። አንተም ሰው የለህም፣ ብላ አለኝ። እኔ ፈራሁ፤ እምቢ አልኩት። ሳቀ። አይዞህ፣ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ብልሃት ነው አለኝ።»

 ሰውየው ዓይኑን ወደ እኔ አነሳ።

«ግልፍተኛው አንተ ትሆናለህ። ላንተ መልእክት አለኝ። ትርጉሙን አላውቀውም፤ እንዳይጠፋኝ በየቀኑ ለራሴ እደግመው ነበር። የሙሽራው ነገር አንተ እንዳልከው ነው፣ የሚመልሰው ሌላ ሰው ነው በለው አለኝ። አንድምህ ንባብ ሆነልህ በለው።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በሐዘን ፈንታ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ስጮህበት ኖሮ አንድም ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም፤ እዚያ ገብቶ፣ እንደዚያ ባለ ሰዓት፣ ልመልስለት በማልችልበት ቦታ እሺ አለኝ። መልሰህ ተከራከረኝ እንጂ፣ የት ተጽፏል በለኝ እንጂ ብዬ በልቤ ጮህኩበት። ተማሪዋ ፊትዋን በሻርፕዋ ሸፍናለች። ባለሱቁ ቀስ ብሎ ተነሥቶ የመንገዱን በር ዘጋ፤ ለቅሶ ወደ ውጭ እንዳይሰማ ነው።

እናቱ አላለቀሱም። ሰውየውን ትኩር ብለው ያዩት ነበር።

«ጠርዙን ትበላው ነበር?» አሉት።

«እበላ ነበር እናቴ። ምንም አልተውኩም።»

«ደግ አደረግህ» አሉት። «አሁን አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚያ መጋረጃው ጀርባ ቁም።»

ሰውየው ግራ ተጋብቶ እኛን አየን። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አስቀምጦ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። እናቱ ከአልጋቸው ተነሡ፤ በሩ ላይ እንደሚቆመው ዘበኛ ቀጥ ብለው ቆሙ። የልጃቸውን ስም ከነአባቱ ጮክ ብለው ጠሩ።

«አቤት!» አለ ሰውየው ከመጋረጃው ጀርባ።

አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። እንደገና ጠሩ። እንደገና «አቤት!» አለ፤ በዚህኛው ግን ድምፁ ተሰበረ።

«አዎ» አሉ። «ይኸው ነው። በየቀኑ የምሰማው ይኸው ነው።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለሐዘን አገላብጠው ለበሱት። ባለሱቁ የዘጋውን በር አዩ።

«ክፈተው ልጄ» አሉት። «ልጄ ሞቷል፤ ላልቅስ ነው።»

ባለሱቁ እኔን አየኝ። ሄዶ በሩን ከፈተው።